የቆረቆንዳ ከሰል በበርሜል

በቆሎ ከተፈለፈለ በኋላ ግቢያችን በቆረቆንዳ ይሞላል። እንዲሁ ስናነደው ቤቱ በጭስ ይታፈን ነበር። አሁን ከሰል አደርገዋለሁ።

የአሮጌ በርሜል ቂጥ ብሱና ሦስት ድንጋይ ላይ አስቀምጡት። በደንብ የደረቀ ቆረቆንዳ ሙሉበትና ለኩሱት። ጭሱን እዩ፤ መጀመሪያ ነጭና ወፍራም ነው። ሲሳሳ ክዳኑን ግጠሙ፤ ዙሪያውንም ግርጌውንም በጭቃ ምረጉ። እስከ ማግስቱ እንዳትነኩት! እኔ አንዴ ቸኩዬ በትኩሱ ከፈትኩት፤ አየር ሲያገኝ ተቀጣጠለና አመድ ታቀፍኩ።

ከሰሉን ወቅጣችሁ ንፉት። ለ10 ኪሎ የከሰል ዱቄት እስከ 1 ኪሎ የበቆሎ ዱቄት እንደ አጥሚት አብስሉና ለውሱበት። ጨብጣችሁት ካልፈረሰ በቂ ነው። አድቦልቡላችሁ ጥቂት ቀን ፀሐይ ላይ አድርቁት። ስታነዱት መስኮት ክፈቱ፤ ጭስ ባይኖረውም የከሰል ጋዝ አለው።