ደብል ስትሮለር ልትገዙ ነው? መጀመሪያ ትልቁን ልጅ እዩት

ሁለተኛ ልጅ ሊመጣ ነው ሲባል የስትሮለር (የልጅ ጋሪ) ፍለጋው ሁሉ በጨቅላው ዙሪያ ነው ሚሽከረከረው፣ ይመቸዋል ወይ፣ አልጋው ይለሰልሳል ወይ፣ ቀለሙስ ምን ይሁን ምናምን። እውነቱን ለመናገር የጨቅላው ጉዳይ ያን ያህል አያስቸግርም፣ ጀርባው ጠፍጣፋ ነገር ላይ ይረፍ፣ ፊቱ ይታያችሁ፣ በቃ። ራስ ምታቱ ትልቁ ልጅ ነው። ዛሬ ትንሽ እንደሄደ እጁን ዘርግቶ እቀፉኝ ሚለው ልጅ ከጥቂት ወራት በኋላ ቀበቶ ልታስሩለት ስትሉ ጀርባውን እንደ ቀስት ወጥሮ "ራሴ ነው ምሄደው" እያለ ሊጮህባችሁ ይችላል፣ እናንተ ደግሞ ያኔ አንዱ መቀመጫ ባዶ የሆነ ትልቅ ጋሪ እየገፋችሁ ነው። ስለዚህ ትልቁ አሁን ስንት ዓመቱ ነው ብላችሁ ብቻ አትግዙ፣ ሕፃኑ 6 ወር ሲሞላው ትልቁ ስንት ይሆነዋል ብላችሁ አስሉ።

ያኔ ገና 2 ዓመት ካልሞላው ነገሩ አያጠያይቅም፣ ሁለት ትክክለኛ መቀመጫ ያለው ደብል ያስፈልጋችኋል። በዚህ ዕድሜ ልጅ ድክድክ ይላል እንጂ መንገድ አይሄድም፣ ቀንም ገና ይተኛል፣ እንቅልፍ የመጣበት ልጅ ደግሞ ማጋደሚያ ይፈልጋል። 2 እና 3 መሀል ከሆነ ልጁን ራሱን ማየት ነው፣ እጃችሁን ይዞ ሚሄድ ነው ወይስ ለቅቆ ወደ መኪና መንገድ ሚሮጥ? ሚሮጥ ከሆነ ደብል ግዙ፣ ለድካሙ ባይሆን ለናንተ ሰላም። 3 ዓመት ካለፈው ግን ደብል መግዛት ብዙ ጊዜ ገንዘብ ማባከን ነው ባይ ነኝ፣ ረጅም መንገድ በእግር ምትሄዱ ቤተሰብ ካልሆናችሁ በቀር።

ደብል ለማያስፈልጋቸው ሁለት አማራጭ አለ። አንዱ ቦርድ ነው፣ ከነጠላው ስትሮለር ኋላ ሚገጠም ባለ ጎማ መቆሚያ ማለቴ ነው፣ ትልቁ እዛ ላይ ቆሞ እናንተ ትገፋላችሁ። ብዙዎቹ እስከ 20 ኪሎ አካባቢ ይሸከማሉ፣ አንዳንዶቹ ትንሽ መቀመጫም አላቸው። ችግሩ ልጁ በናንተና በእጀታው መሀል ስለሚቆም እግራችሁ ሰሌዳውን እየመታ ጎንበስ ብላችሁ ነው ምትሄዱት፣ ረጅም ሰው ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ከመግዛታችሁ በፊት ያላችሁ ስትሮለር ላይ መግጠሙን አረጋግጡ፣ ሁሉም ለሁሉም አይሆንም፣ አንዳንድ አምራቾች የራሳቸውን ቦርድ ካልሆነ ዋስትናውን አንቀበልም ይላሉ። ሌላው ሕፃኑን በማዘያ ከፊት ደረት ላይ አዝሎ ትልቁን በድሮው ነጠላ ስትሮለር መግፋት ነው፣ ምንም አዲስ ጋሪ ሳትገዙ ማለት ነው። ሚሰራ ነገር ነው፣ ግን ሕፃኑ ፊቱ ሁሌ መታየት አለበት፣ አገጩ ደረቱ ላይ መጣበቅ የለበትም፣ ጎንበስ ስትሉ ግንባሩን መሳም ምትችሉበት ከፍታ ላይ ይሁን። በኦፕሬሽን የወለደች እናት ግን በዚህ ዕቅድ ላይ ብቻ ባትተማመን ጥሩ ነው፣ ሰውነቷ እስኪድን ማዘሉም መግፋቱም አንድ ላይ ይከብዳታል።

እሺ፣ ደብል ያስፈልገናል ካላችሁ ዋናው ምርጫ ጎን ለጎን ወይስ ፊትና ኋላ ነው።

ጎን ለጎን ሚቀመጡበት አገፋፉ ደስ ይላል። አጭር ስለሆነ በቀላሉ ይዞራል፣ የእግረኛ መንገድ ጠርዝ ላይ ለመውጣት እጀታውን ጫን ስትሉት ፊቱ ይነሳል፣ ሁለቱም ልጆች እኩል ያያሉ፣ እኩል ይጋደማሉ፣ አንዱ የተሻለ ቦታ ያዘብኝ ሚል ጸብ የለም። መዘዙ ስፋቱ ነው፣ ብዙዎቹ ከ70 እስከ 80 ሳንቲ ሜትር ናቸው፣ ይሄ ማለት ሱቅ ውስጥ በመደርደሪያ መሀል፣ ጠባብ ሊፍት ላይ፣ አውቶቡስ ውስጥ ትቸገራላችሁ ማለት ነው። ሌላው ብዙ ሰው ማያስበው ነገር፣ በአንድ በኩል 12 ኪሎ በሌላው 4 ኪሎ ሲሆን አንዳንዱ ጋሪ ወደ ከባዱ ይጎትታል፣ በተለይ ቀላሎቹና ጎማቸው ትንንሽ የሆኑት፣ አንድ እጅ ስልክ ይዞ መግፋት አይታሰብም። እና ደግሞ ትልቁ እጁ ይደርሳል! ዓይን ውስጥ ጣት፣ ፊት ላይ መጫወቻ፣ ወይ ደግሞ ከፍቅር ብዛት ብስኩት ሊያጎርሰው ይሞክራል። ጎን ለጎን ምትመርጡ ከሆነ በመሀላቸው መከለያ ያለውን ፈልጉ፣ ጨቅላውን ጎኑ በተሸፈነ አልጋ ውስጥ ማስተኛት ሚያስችለው ደግሞ ከሁሉም ይሻላል።

ፊትና ኋላው ስፋቱ ከነጠላ ብዙም አይለይም፣ 60 ሳንቲ ሜትር ወይ ትንሽ በለጥ ቢል ነው፣ ስለዚህ ነጠላው ሚገባበት በር አብዛኛውን ጊዜ እሱም ይገባል። ግን ረጅም ነው፣ ኮርነር ላይ ሰፊ ዙር ይፈልጋል፣ ክብደቱ ወደ ፊት ስለሚሄድ ጠርዝ ላይ ለማውጣት ጉልበት ይጠይቃል፣ በተለይ ትልቁ ከፊት ከተቀመጠ። ከሁለቱ መቀመጫ አንዱ ብዙ ጊዜ ያነሰና ዝቅ ያለ ነው፣ ታች ያለው ልጅ ሚያየው የፊተኛውን መቀመጫ ጀርባ ነው፣ እግሩም ይጣበባል፣ ሲጋደምም ሙሉ በሙሉ አይጋደምም። መግለጫው ላይ ሁለት መቀመጫ ስላለ ብቻ እኩል ይሸከማሉ ብላችሁ አታስቡ፣ ሁለተኛው መቀመጫ የክብደት ገደቡ ያነሰ የሆነባቸው ሞዴሎች አሉና የየመቀመጫውን ለየብቻ አንብቡ። የዕቃ ቅርጫቱም ታችኛው መቀመጫ ይሸፍነውና የዳይፐር ቦርሳ ለማውጣት ልጁን መቀስቀስ ድረስ ትደርሳላችሁ።

በዚህ ዓይነት ውስጥ ከነጠላ ወደ ደብል ሚቀየረው አለ፣ አንድ መቀመጫ ሲጨመርበት ደብል ሚሆን፣ ሲነቀል ነጠላ። እኔ ብሆን የልጆቹ ልዩነት 2 ዓመት ከሆነ መጀመሪያ ማየው ይሄን ነው፣ ምክንያቱም ትልቁ ስትሮለር በቃኝ ሲል መቀመጫውን ነቅሎ መቀጠል ይቻላል። ግን ተጨማሪው መቀመጫ፣ መግጠሚያው፣ የጨቅላው አልጋ፣ የዝናብ ልብሱ ብዙ ጊዜ ለየብቻ ነው ሚሸጠው፣ ማስታወቂያው ላይ ያያችሁት ዋጋ ሁሉንም ያካተተ ላይሆን ይችላልና ጠቅላላ ድምሩን አስልታችሁ ነው ማወዳደር ያለባችሁ። ፎቶው ላይ ተገጥሞ ያያችሁትን ሁሉ "ይሄ አብሮት ነው?" በሉ።

ጨቅላውን በተመለከተ አንድ ነገር ላይ አትደራደሩ። አንገቱን መያዝ ያልቻለ ልጅ ቁጭ ብሎ አይገፋም፣ ጭንቅላቱ ወደ ፊት ከወደቀ አገጩ ደረቱ ላይ ተጣብቆ የአየር መተላለፊያው ሊጠብበት ይችላል። ስለዚህ ቢያንስ አንደኛው ቦታ ሙሉ በሙሉ ጠፍጣፋ መሆን አለበት፣ ወይም የሚነቀል አልጋ መቀበል አለበት። "ይጋደማል" እና "ጠፍጣፋ ነው" አንድ አይደሉም፣ ብዙ መቀመጫ ይጋደማል ግን ጠፍጣፋ አይሆንም፣ መመሪያው ላይ "ከልደት ጀምሮ" ማለቱን እዩ፣ ከ6 ወር ጀምሮ ሚል ከሆነ ለጨቅላ አይደለም። የደብሎች ተንኮል ደግሞ አንዱ ቦታ ብቻ ከልደት ጀምሮ መሆኑ ነው፣ የትኛው እንደሆነ ሳታውቁ እንዳትገዙ፣ ምናልባት ለትልቁ ያሰባችሁት ቦታ ሊሆን ይችላል። አልጋው አብዛኛውን ጊዜ እስከ 9 ኪሎ ወይም 6 ወር አካባቢ ነው፣ ልጁ መገልበጥና በእጅና በጉልበቱ መነሳት ሲሞክር ግን ዕድሜው ባይደርስም ያበቃል። የሕፃኑን የመኪና ሲት ጋሪው ላይ ሰክቶ መሄድም ለአጭር መንገድ ይመቻል፣ ግን የእንቅልፍ ቦታ አይደለም፣ ቀኑን ሙሉ እዛ ውስጥ እንዲውል አታድርጉ።

አሁን ሜትር አውጡና ለኩ። የቤታችሁን በር ለኩ፣ በሩ ተከፍቶ ሚተርፈውን ክፍተት ማለቴ ነው፣ ሳንቃው ራሱ የተወሰነ ይበላል። የሊፍቱን በርና ጥልቀቱን ለኩ፣ ፊትና ኋላው በበሩ ገብቶ ርዝመቱ አልበቃ ሊል ይችላል። የመኪናችሁን የዕቃ መጫኛ ስፋቱንም ከፍታውንም ለኩ፣ ጋሪው ደግሞ ሲታጠፍ ስንት እንደሚሆን ጎማው ሳይነቀልና መቀመጫዎቹ ሳይወጡ ጠይቁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ መታጠፍ ሚችለው ሁለቱም መቀመጫ ከወጡ ብቻ ነው፣ ዝናብ እየዘነበ ሁለት ልጅ እያለቀሰ ሦስት ቁራጭ ብረት መጫን ምን እንደሚመስል አስቡት። ደረጃ ያለበት ቤት ከሆነ ደግሞ ከሁሉም በፊት ክብደቱን እዩ። 15 ኪሎ ጋሪ፣ 12 ኪሎ ልጅ፣ 5 ኪሎ ሕፃን፣ ዕቃው ሳይቆጠር 32 ኪሎ ሆነ፣ ይሄን ብቻውን ደረጃ ላይ ማንም አይሸከምም መሸከምም የለበትም፣ ስለዚህ ጋሪውን ታች ምታስቀምጡበት ቦታ ከሌላችሁ ማዘያው ይሻላችኋል።

ጎማ ላይ ብዙ ማለት አያስፈልግም። ለስላሳ ወለልና አስፋልት ላይ ከሆነ ትንንሹም ይሰራል፣ ድንጋይና ጉድጓድ ያለበት መንገድ ከሆነ ትልቅ ጎማ ውሰዱ፣ በንፋስ ሚሞላው ይመቻል ግን አንዳንዴ ይፈነዳል፣ ውስጡ በፎም የተሞላው አይፈነዳም። መሮጥ ምትፈልጉ ከሆነ ለሩጫ ተብሎ የተሰራ ይሁን፣ የፊት ጎማው ቀጥ ብሎ ሚቆለፍ፣ ጋሪው እንዳያመልጥ እጃችሁ ላይ ሚታሰር ማሰሪያ ያለው፣ ሕፃኑም ቢያንስ 6 ወር የሞላው፣ አንዳንድ አምራቾች እንደውም 8 ወር ይላሉ።

ሱቅ ሄዳችሁ ስትሞክሩ ባዶውን አትግፉት፣ ባዶ ጋሪ ሁሉ ይንሸራተታል። ትልቁን ልጅ ይዛችሁ ሂዱና አስቀምጡት፣ ጭንቅላቱ ከላይ ካለው የጋሪው ጥላ ጋር ይጋጫል ወይ፣ እግሩ ማሳረፊያው ላይ ይደርሳል ወይ፣ በሌላኛው መቀመጫ ላይ ከባድ ቦርሳ አስቀምጡና በአንድ እጅ አዙሩት። ትልቁ ራሱ መውጣትና መውረድ ቢችል ወገባችሁ ያመሰግናችኋል፣ ግን ሲወጣ የእግር ማሳረፊያው ላይ ሲቆም ጋሪው ወደ ፊት ይዘምም እንደሆነ እያያችሁ። ፍሬኑ በአንድ ርግጫ ሁለቱንም የኋላ ጎማ መያዝ አለበት። ቀበቶው አምስት ነጥብ ይሁን፣ ትከሻ፣ ወገብና በእግር መሀል ሚያልፈው፣ ለሁለቱም። የአውሮፓው የደህንነት መለኪያ ኢኤን 1888 ነው፣ የመጀመሪያው ክፍል እስከ 15 ኪሎ ልጅ፣ ሁለተኛው እስከ 22 ኪሎ፣ የአሜሪካው ኤኤስቲኤም ኤፍ833 ይባላል፣ ከነዚህ አንዱ ካልተጻፈበት ቆንጆ ቢሆንም እለፉት። ትልቁ ወደ 15 ኪሎ የተጠጋ ከሆነ በተለይ የ22ቱን ፈልጉ።

ያገለገለ መግዛት ምንም ነውር የለውም፣ ደብል ጋሪ ብዙ ሰው ለአጭር ጊዜ ተጠቅሞበት ነው ሚሸጠው። ግን አጣጥፋችሁ ዘርጉት፣ ደጋግማችሁ፣ ሲዘረጋ መቆለፊያው ቀጭ ብሎ መያዝ አለበት። ብረቱ መገጣጠሚያው ላይ ስንጥቅ፣ የላሉ ቡሎኖች፣ የተበጣጠሰ ወይም ቆርጠው ያሰሩት ቀበቶ ካለ ተዉት። የሞዴሉን ስምና ቁጥር ጽፋችሁ በአምራቹ ተመላሽ ተደርጎ እንደሆነ ኢንተርኔት ላይ ፈልጉ፣ ዝም ብሎ ጥንቃቄ አይደለም፣ በፈረንጆቹ 2009 ስትሮለር አምራቹ ማክላረን አሜሪካ ውስጥ 1 ሚሊዮን ያህል ስትሮለሮች ላይ ማስጠንቀቂያ ያወጣው ማጠፊያው የልጆችን ጣት ጫፍ ቆርጦ ስለነበር ነው፣ መፍትሄውም ማጠፊያውን ሚሸፍን ጨርቅ ነበር። የትኛውንም ጋሪ ስታጥፉና ስትዘረጉ ትልቁን ራቅ አድርጋችሁ አቁሙት፣ እጁን ሚሰደው ልክ እናንተ ስትቸኩሉ ነው።

ከገዛችሁ በኋላ ደግሞ ቦርሳ እጀታው ላይ አትስቀሉ፣ ከፊት ያለውን ልጅ ስታወርዱት ክብደቱ ወደ ኋላ ሄዶ ጋሪው ከነጨቅላው ይገለበጣል። ፀሐይ ለመከላከል ብላችሁ አልጋውን በብርድ ልብስ ወይም በነጠላ ጨርቅ አትሸፍኑ፣ ቀጭን ጨርቅም ቢሆን ውስጡ በፍጥነት ይሞቃል፣ ሕፃኑም አይታያችሁም፣ በጥላው ተጠቀሙ። የዝናብ ልብሱም ዝናቡ ሲያባራ ወዲያው ይነሳ። ስታስገቡ መጀመሪያ ፍሬን፣ ከዛ መመሪያው ከየትኛው መቀመጫ ጀምሩ እንደሚል በዛው ቅደም ተከተል፣ ፊትና ኋላ ከሆነ በተለይ። መመሪያው ምርጫውን ለናንተ ከተወው ሚሮጠውን ልጅ ቀድማችሁ እሰሩት፣ ጨቅላው የትም አይሄድም።