የገና መብራት፦ ከመሰቀሉ በፊት መሬት ላይ

መብራቱን ዛፉ ላይ ካዞሩ በኋላ ግማሹ እንደማይበራ ማወቅ የሚያበሳጭ ነገር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ሳይሰኩት መሬት ላይ ይዘርጉትና ገመዱን ከጫፍ እስከ ጫፍ በጣትዎ እያሳለፉ ይፈትሹ። የተላጠ ወይም የተሰነጠቀ ቦታ ካለው ይጣል፤ በቴፕ ጠቅልሎ መስቀል ቁጠባ አይደለም። ደህና ከሆነ ሰክተው 15 ደቂቃ ያህል ይተዉት።

ከፊሉ ብቻ ከጠፋ ግን ለመጣል አይቸኩሉ። ትንንሾቹ አምፖሎች በቡድን በቡድን፣ አንዷ ከሌላዋ ተከትላ ነው የሚያያዙት። አንዷ ከቤቷ ላላ ካለች ቡድኗ በሙሉ ይጨልማል። ስፒናውን ይንቀሉና በጠፋው ክፍል ያሉትን አንድ በአንድ ጫን ጫን ያድርጓቸው። እምቢ ካለ እየነቀሉ እግራቸውን ይዩ፤ ከሥር የሚወጡት ሁለት ቀጫጭን ሽቦዎች ታጥፈው ወይም ዝገው ይሆናል። የተቃጠለች ካለች በተመሳሳይ ቮልት ይተኩ። የድሮው ዓይነት፣ ክር ያለው አምፖል ከሆነ አንዷ ተቃጥላም ሌሎቹ ሊበሩ ይችላሉ፤ ቢሆንም ቶሎ ይቀይሯት፤ የእሷ ድርሻ ቮልት ወደ ቀሪዎቹ ስለሚሄድ እነሱም ተራ በተራ ይቃጠላሉ። አምፖሉ የማይነቀል ኤልኢዲ ከሆነ በከንቱ አይድከሙ።

ለ1.8 ሜትር ዛፍ 300 አምፖል ይበቃል፤ ጥቅጥቅ ያለ ብርሃን የሚወድ እስከ 600 ይሂድ። 100 የድሮ አምፖል 40 ዋት ገደማ ሲወስድ፣ ያን ያህል ኤልኢዲ አብዛኛውን ጊዜ ከ10 ዋት አይበልጥም። ገመድ በገመድ ሲቀጥሉ የመጀመሪያው የሁሉንም ጭነት ስለሚሸከም፣ ስንት ድረስ እንደሚቀጠል መለያው ላይ ያንብቡ። የድሮዎቹ ብዙውን ጊዜ ከ3 አያልፉም።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው አጀማመሩ ላይ ነው። ከጫፍ ጀምሮ ወደ ታች ያዞርና ሲጨርስ ስፒናው ዛፉ አናት ላይ ቀርቶ ያገኘዋል። ከሥር፣ ከሶኬቱ አጠገብ ይጀምሩ። ገመዱን ወደ ግንዱ ያስገቡ፣ መልሰው ወደ ቅርንጫፉ ጫፍ ያውጡ፤ ዳር ዳሩን ብቻ የዞረ መብራት ዛፉን ባዶ ያስመስለዋል። ሲጨርሱ ያብሩት፣ ሦስት እርምጃ ወደ ኋላ ብለው ዓይንዎን ጨፈን አድርገው ይመልከቱ። ጨለማው የት እንደቀረ ያኔ ይለያል። ጌጡ ከዚያ በኋላ ነው የሚሰቀለው።

ለውጭ አይፒ44 (IP44፣ የውሃ ፍንጣቂ የመቋቋም ደረጃ) ወይም ከዚያ በላይ የተጻፈበትን ብቻ ይጠቀሙ፤ አዳፕተሩ ውጭ እንዲሆን ካልተሠራ ቤት ውስጥ ይቆይ። ሚስማር ገመዱን ስለሚበሳ በፕላስቲክ መቆንጠጫ ያያይዙ። ገመዱ ሶኬቱ ጋ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ይበል፤ ውሃው እዚያ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬቱ ውስጥ አይገባም። ማራዘሚያ በምንጣፍ ሥር አይለፍ፣ ተጠቅልሎም አይሥራ፤ ይግላል። የተቆረጠ እውነተኛ ዛፍ በየቀኑ ውሃ ይፈልጋል፤ ከደረቀ በቀላሉ ይቀጣጠላል። ሲተኙና ሲወጡ ያጥፉ።

በዓሉ ሲያልፍ ካርቶን ላይ ከጭራው ጀምረው ይጠቅልሉት። ስፒናው መጨረሻ ላይ ስለሚጠቀለል፣ ለከርሞ መጀመሪያ እጅዎ የሚገባው እሱ ነው።