ማታ የተነፋ የብስክሌት ጎማ ጠዋት ተንፍሶ ሲገኝ

ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በብስክሌት ሥራ መመላለስ ብዙ ጊዜ የሚቋረጠው በዳገቱ ሳይሆን በጎማ ነው። ጠዋት ተንፍሶ ይገኛል፣ ታክሲ ይያዛል፣ በማግስቱም ታክሲ። ጎሚስታ ሦስቴ ለጥፎት አሁንም ከተነፈሰ፣ ብዙ ጊዜ ቀዳዳውን የፈጠረው ነገር አልወጣም ማለት ነው።

ካላማዳሪው (ንፋስ የሚይዘው የውስጥ ጎማ) ከመውጣቱ በፊት የቫልቩን ቦታ ጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ከዚያ ካላማዳሪውን አውጥቶ፣ ነፍቶ ሳፋ ውሃ ውስጥ መንከር። ቀዳዳው በውጭ በኩል ከሆነ እሾህ ወይም ሽቦ ነው፤ በምልክቱ ልክ የጎማውን ውስጥ በጥጥ ይዳብሱ፣ ጥጡን የሚይዘው እሱ ነው። በጣት አይሞክሩት፣ ይቆርጣል። ጎን ለጎን ሁለት ቀዳዳ ከታየ ንፋስ ሲያንስ የኮብልስቶን ጠርዝና ቸርኬው (ጎማው የሚገጠምበት ክብ ብረት) ቆንጥጠውታል። በቸርኬው በኩል ከሆነ ደግሞ የራጂ (ቸርኬውን ከመሃሉ የሚያያይዘው ቀጭን ሽቦ) ጫፍ ነው፤ ከአሮጌ ካላማዳሪ 2 ሳንቲሜትር ስፋት ያለው ጥብጣብ ቆርጦ ቸርኬውን ዙሪያውን ማልበስ ይገላግላል።

ሲለጠፍ በብርጭቆ ወረቀት ማሻከር፣ ማስቲሹን ስስ አድርጎ መቀባት፣ 5 ደቂቃ መጠበቅ። እርጥቡ ላይ የተለጠፈ ልጥፍ ይነሳል፤ የጥድፊያ ጥገና የሚከሽፈው እዚህ ጋ ነው።

ለ26 በ1.95 ጎማ ከ40 እስከ 50 ፒኤስአይ (የንፋስ ግፊት መለኪያ) ይበቃል፤ ጎማው ጎን ላይ ከተጻፈው አይለፍ። ቫልቩ ላይ ምራቅ ጠብ አድርጉበት፣ አረፋ ካወጣ የሚያስተነፍሰው እሱ ነው። ይህ ሁሉ ማታ ይሠራ። ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ላይ ጎማ የሚፈታ ሰው ታክሲ ተራ ነው የሚገኘው።