አጁሩሚያን እንዴት እንቅራት?

ባህር ዳርም ሁኑ ሞጣ፣ ዐረብኛ ልትጀምሩ ከሆነ መጀመሪያ አጭር የነሕው (የዐረብኛ ሰዋስው) ኪታብ ያዙ። እኔ የምመክረው በ1323 እ.ኤ.አ. ያረፈው የሞሮኮዋ ፌዝ ከተማ ሊቅ ኢብን አጁሩም ያዘጋጃትን አጁሩሚያን ነው። ጥቂት ገጽ ናት፤ ግን ገረፍ ገረፍ ተደርጋ አትታለፍም። የጎጃም የቅኔ ተማሪ ግሱንና አገባቡን በቃሉ እንደሚይዘው አንድ አንድ ባብ (ምዕራፍ) ሐፍዙና ኡስታዝ ፊት አሰሙ።

ከዚያ በምሳሌ ፈትኑት። "ጃአ ዘይዱን" ዘይድ መጣ ነው፤ "ረአይቱ ዘይደን" ደግሞ ዘይድን አየሁ፤ "መረርቱ ቢዘይዲን" ሲሆን በዘይድ በኩል አለፍኩ። ስሙ ያው ነው፣ መጨረሻው ግን ዱን፣ ደን፣ ዲን እያለ ማን አድራጊ፣ ማን ተደራጊ እንደሆነ ይነግራችኋል፣ ልክ የኛዋ "ን" እንደምታደርገው።

ኪታቧ ብቻዋን ማንበብ አታስችልም። ከጎኗ ቀላል ታሪክ ያዙና በየመስመሩ ኢዕራብ ሥሩ፤ የየቃሉን ሚናና መጨረሻ ተንትኑ ማለት ነው። ሸርሕ (የማብራሪያ ኪታብ) መደራረቡ ይቆይ።