የፕሮም ምሽትን አስደሳችና ከአደጋ የራቀ አድርጎ እንዴት ማቀድ ይቻላል?

በአሜሪካ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪዎች ትምህርታቸውን ሊያጠናቅቁ ሲቃረቡ በጉጉት ከሚጠብቋቸው ዝግጅቶች አንዱ በጸደይ ወራት የሚካሄደው የፕሮም ምሽት፣ ማለትም ትምህርት ቤቱ የሚያዘጋጀው የጭፈራ ድግስ ነው። ጭፈራው መምህራን በሚቆጣጠሩት አዳራሽ ስለሚካሄድ ወላጅን ይበልጥ ሊያሳስበው የሚገባው ሙዚቃው ካበቃ በኋላ እስከ ንጋት ያለው፣ ማንም ያላሰበበት ጊዜ ነው። በዚያ ሰዓት የልጆቹ ደስታ ገና አልበረደም፣ ወደ ቤት መግባትም አይፈልጉም፤ የተዘጋጀላቸው ቦታ ከሌለ ወዳገኙት ይሄዳሉ። ስለዚህ ዕቅድዎን ከዚሁ ሰዓት ይጀምሩ።

1. ዕቅዱን ከልጆቹ ጋር ያውጡ

ቢያንስ አንድ ወር ቀደም ብለው ልጅዎንና አብረውት የሚሄዱትን ጓደኞቹን ሰብስበው ምን ማድረግ እንደሚፈልጉ ይጠይቁ፤ ወላጆች ብቻቸውን ያሰናዱትን ድግስ፣ የቱንም ያህል ገንዘብ ቢወጣበት፣ ልጆቹ የራሳቸው አድርገው ስለማይቆጥሩት ጥለውት ይወጣሉ። ከዚያም ፎቶግራፍ የሚነሱበትን፣ እራት የሚበሉበትንና የሚያመሹበትን ቦታ ከነሰዓቱ ጽፈው፣ ከስልክ ቁጥሮች ጋር ለሁሉም ቤተሰቦች ያድርሱ። ስለ ወጪም በዚሁ ጊዜ በግልጽ ይነጋገሩ።

2. መጓጓዣውን አስቀድመው ይወስኑ

ከሁሉም በላይ ጥንቃቄ የሚሻው ይህ ነው። አንድ ወጣት አሽከርካሪ መኪናው ውስጥ እኩዮቹ በበዙ ቁጥር ለአደጋ የመጋለጥ ዕድሉ እየጨመረ ይሄዳል፤ ጨለማና ድካም ሲታከሉበት ደግሞ ይብሳል። በዚህም ምክንያት አብዛኞቹ ግዛቶች አዲስ መንጃ ፈቃድ ያወጣ ልጅ በሌሊት እንዳያሽከረክር ወይም ከተወሰነ ቁጥር በላይ እኩዮቹን እንዳይጭን የሚከለክል ሕግ ስላላቸው፣ ልጅዎ ጠብታ መጠጥ ባይቀምስም እንኳ ጓደኞቹን ጭኖ መንዳቱ ሕገወጥ ሊሆን ይችላል። የግዛትዎን ሕግ ያጣሩ። ሊሞዚን ወይም አነስተኛ አውቶቡስ የሚከራዩ ከሆነ ድርጅቱ ፈቃድና መድን እንዳለው፣ ለእያንዳንዱ ልጅም መቀመጫና ቀበቶ መኖሩን ያረጋግጡ።

ከልጅዎ ጋርም አንድ ስምምነት ያድርጉ፦ በማንኛውም ሰዓት ቢደውል መጥተው እንደሚወስዱት፣ በዚያ ሌሊትም አንዳች ወቀሳ እንደማይሰነዝሩ ቃል ይግቡለት። በጓደኞቹ ፊት ምክንያቱን መናገር የሚያሳፍረው ከሆነ፣ በስልክ መልእክት የሚልከው የምስጢር ቃል ይስጡት። ቃልዎን ግን ይጠብቁ፤ አንድ ጊዜ የተቆጡት ልጅ ሁለተኛ አይደውልም።

3. ከጭፈራው በኋላ የሚያመሹበትን ያዘጋጁ

ከአልኮል የጸዳ ሙሉ ሌሊት የሚዘልቅ ድግስ የማዘጋጀት ልማድ እ.ኤ.አ. በ1980 በሜይን ግዛት ለተመራቂዎች ከተጀመረው ዝግጅት ወዲህ በብዙ ትምህርት ቤቶች ተለምዷል። የቦውሊንግ አዳራሽ ወይም የትምህርት ቤቱን ጂምናዚየም ለሌሊቱ መያዝ ይቻላል። ካሪዮኬ፣ የጠረጴዛ ቴኒስ፣ ፊልም፣ እውነተኛ ባልሆነ የመጫወቻ ገንዘብ የሚካሄዱ ጨዋታዎች ሁሉ ይሠራሉ፤ ቁም ነገሩ ልጆቹ ከአንዱ ወደ ሌላው የሚዘዋወሩበት ምርጫ መኖሩ ነው። ተወዳጁን የዕጣ ሽልማት ሊነጋ ሲል እንዲወጣ ያድርጉ፤ ብዙዎች እስከ መጨረሻው የሚቆዩት ለእርሱ ነው። ከድግሱ የወጣ ተመልሶ እንደማይገባና ወላጆቹም ወዲያው እንደሚደወልላቸው አስቀድመው ያሳውቁ። ልጆቹ የሚቀይሩት ምቹ ልብስና ጫማ ይያዙ፤ ምግብም በብዛት ይቅረብ፣ ነገር ግን በቀላሉ የሚበላሽ ነገር ከማቀዝቀዣ ውጭ ከ2 ሰዓት በላይ አይቆይ።

4. ስለ መጠጥና ስለ አደንዛዥ ዕፅ በግልጽ ይነጋገሩ

በአሜሪካ ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መግዛት አይፈቀድም። አንዳንድ ወላጆች «ከሚጠጡ አይቀር በእኔ ቤት፣ ዓይኔ እያየ ይጠጡ» ይላሉ፤ እኔ ግን ይህን አጥብቄ እቃወማለሁ። በብዙ ግዛቶች የሌላ ሰው ልጅ በቤትዎ እንዲጠጣ መፍቀድ በሕግ ያስጠይቃል፤ ለልጆቹም ፈቃድ ይመስላቸዋል። ከማይታወቅ ሰው የተገኘ ክኒን ፌንታኒል የተባለ እጅግ ኃይለኛ የህመም ማስታገሻ ሊኖርበት እንደሚችልና አንዲቱም ልትገድል እንደምትችል ይንገሯቸው።

ከዚህም በላይ እያንዳንዱ ልጅ አደጋን ለይቶ ማወቅ አለበት። የጠጣ ጓደኛ ቢጠራ ካልነቃ፣ በደቂቃ ከ8 ጊዜ በታች ከተነፈሰ፣ በትንፋሾቹ መካከል 10 ሰከንድ ወይም ከዚያ በላይ ካለፈ፣ ወይም ቆዳው ከቀዘቀዘ፣ ከገረጣ ወይም ወደ ሰማያዊ ካደላ ወዲያውኑ ወደ ድንገተኛ አደጋ ስልክ 911 ይደወላል። እርዳታ እስኪደርስ በጎኑ ይተኛል፣ ብቻውንም አይተውም። ቡናም ሆነ ቀዝቃዛ ሻወር አያድነውም፤ «ይተኛና ያልፍለታል» ብሎ መተው ሕይወት ያሳጣል።

5. አጋር ስለመያዝና ስለ ፈቃድ

አጋር የሌለው ልጅ ከጓደኞቹ ጋር በቡድን ቢሄድ ምንም አይጎድልበትም። አጋር ላላቸው ደግሞ የእራትም ሆነ የመግቢያ ትኬት መከፈሉ ለማንም ምንም ዕዳ እንደማይፈጥር፣ ዝምታም ለአካላዊ ቅርርብ እሺታ እንዳልሆነ ለወንዶቹም ለሴቶቹም በእኩል ይነገራቸው።

6. ንጋቱንም ያቅዱ

ሌሊቱን ሙሉ ያልተኛ ልጅ፣ ምንም ባይጠጣም፣ መሪ ሊይዝ አይገባም፤ እንቅልፍ ማጣት ምላሹን ያዘገያል፣ ዓይኑንም ይከድነዋል። ስለዚህ በቂ እንቅልፍ የተኙ ወላጆች ተራ ወጥተው በማለዳ ከበሩ ላይ ይቀበሏቸው፣ እያንዳንዱንም ልጅ እስከ ቤቱ ያድርሱ።