ኤስኪውላይት ሲያስቸግር፦ ከጠፋው ሠንጠረዥ እስከ ጳጉሜን

ደብረ ማርቆስ ያለ ፋርማሲ፣ ብቸና ያለ የጤፍ መጋዘን ወይም ቡሬ ያለ የሕንፃ መሣሪያ መደብር ሒሳቡን በአንድ ኮምፒውተር የሚይዝ ከሆነ ኤስኪውላይት የሚባለው ዳታቤዝ (የመረጃ ቋት) ከበቂ በላይ ነው። ሰርቨር አይጫንለትም። ፕሮግራሙ ውስጥ ተካቶ ይመጣል፤ መረጃው በሙሉ አንድ ፋይል ውስጥ ይቀመጣል። ችግሮቹ በአብዛኛው የሚመጡት ሰው ይህ ነገር ፋይል መሆኑን ሲረሳው ነው። ሌሎቹ ደግሞ የእኛን ቀን፣ ፊደልና ስልክ ቁጥር ራሱ ያውቃል ብሎ ሲተማመንበት ይመጣሉ።

ትዕዛዞቹን እዚህ በአነባበባቸው አስቀምጠናቸዋል፤ ኮምፒውተሩ ላይ በላቲን ፊደል ይገባሉ። ከዚሁ ጋር አንድ ነገር ልብ በሉ፦ የአማርኛ ኪቦርድ እንደበራ ትዕዛዝ ብትጽፉ መጨረሻው ላይ የሚገባው የእኛ ድርብ ሰረዝ «፤» ነው። ኤስኪውላይት የሚፈልገው የላቲኑን «;» ስለሆነ ትዕዛዙ አልተጨረሰም ብሎ ሦስት ነጥብ እያሳየ ይጠብቃል። ተሰቅሏል ብላችሁ መስኮቱን ከመዝጋታችሁ በፊት ኪቦርዱን እዩ።

«ኖ ሳች ቴብል»፦ ትናንት የነበረው ሠንጠረዥ ዛሬ የለም

ሠንጠረዡ አልጠፋም፤ የከፈታችሁት ሌላ ፋይል ነው። ኤስኪውላይት በተነገረው ቦታ ፋይል ካላገኘ ዝም ብሎ አዲስ ባዶ ፋይል ይፈጥራል። ፕሮግራሙ ውስጥ የተጻፈው «ሽያጭ.ዲቢ» ብቻ ከሆነ፣ ቦታው ፕሮግራሙ ከየት እንደተነሣ ይለዋወጣል፦ ከዴስክቶፕ ሲከፈት አንድ ፎልደር፣ ከትዕዛዝ መስኮት ሲከፈት ሌላ።

ለማረጋገጥ በኮምፒውተሩ ውስጥ በዚያ ስም ያሉትን ፋይሎች ሁሉ ፈልጉ። መጠኑ 0 ባይት የሆነ ካገኛችሁ ጥፋተኛው እሱ ነው። በትዕዛዝ መስኮቱ «.ዳታቤዝስ» ብትሉም የተከፈተውን ፋይል ሙሉ አድራሻ ያሳያችኋል። መፍትሔው ሙሉ አድራሻውን መጻፍ ነው።

የስሕተት ቁጥር 14 «አንኤብል ቱ ኦፕን» (መክፈት አልተቻለም) ከመጣ ፎልደሩ የለም ወይም ፈቃድ የላችሁም። ቁጥር 8 «ሪድኦንሊ» (ለማንበብ ብቻ) ብዙዎችን ያደናግራል፤ ፋይሉ ላይ የመጻፍ ፈቃድ ተሰጥቶት ሳለ እምቢ ይላል። ምክንያቱ ኤስኪውላይት ሲጽፍ ከዋናው ፋይል ጎን ጊዜያዊ ፋይል ይፈጥራል፤ ስለዚህ ፎልደሩም መጻፍ የሚፈቅድ መሆን አለበት። ዊንዶውስ ላይ «ፕሮግራም ፋይልስ» ውስጥ ዳታ ማስቀመጥ ይህን ችግር በቀጥታ ይጠራል።

«ዳታቤዝ ኢዝ ሎክድ»

«ዳታቤዙ ተቆልፏል» ማለት ነው። የስሕተት ቁጥር 5 ነው፤ ከሁሉ በላይ የሚጠየቀውም እሱ ነው። በአንድ ጊዜ የሚጽፍ አንድ ብቻ ነው፤ ሌላው ወረፋ መጠበቅ አለበት። ችግሩ፣ ካልተነገረው በቀር ኤስኪውላይት ለዜሮ ሚሊሴኮንድ ነው የሚጠብቀው፤ ተይዞ ካገኘው ወዲያው ኤረር ይመልሳል። (የፓይተኑ ሞጁል በራሱ 5 ሴኮንድ ይጠብቃል፤ ሌሎቹ ቋንቋዎች ላይ ግን አትተማመኑ።) ስለዚህ ኮኔክሽን (ፕሮግራሙ ከፋይሉ ጋር የሚያደርገው ግንኙነት) በተከፈተ ቁጥር፦

«ፕራግማ ቢዚ_ታይምአውት = 5000;»

ቀጥሎ «ፕራግማ ጆርናል_ሞድ = ዋል;» በሉ። «ዋል» አዲሱን ጽሑፍ መጀመሪያ በጎን ፋይል የሚያስቀምጥ አሠራር ነው፤ ፋይሉ ላይ ስለሚቀር አንዴ ይበቃዋል። ከዚያ በኋላ ሪፖርት የሚያነበው ሽያጭ የሚመዘግበውን አያግደውም። ትዕዛዙ ሲመለስ «ዋል» የሚል ቃል ማየት አለባችሁ፤ «ዲሊት» ካለ አልተቀበለም ማለት ነው።

ይህን ሁሉ አድርጋችሁም ኤረሩ ከቀጠለ፣ በተለይ ምንም ሳይጠብቅ ወዲያው ከመጣ፣ ትራንዛክሽኑ (አንድ ላይ የሚጸድቁ ወይም አንድ ላይ የሚሻሩ ትዕዛዞች) የሚጀምርበትን መንገድ እዩ። የመጋዘኑን ነገር እንውሰድ። አንዱ መስኮት «ቢጊን» ብሎ የነጭ ጤፍ ክምችትን ያነባል፦ 12 ኩንታል። በዚያው ቅጽበት ሁለተኛው መስኮት 5 ኩንታል ሸጦ ይመዘግባል። አንደኛው አሁን ልጻፍ ሲል፣ የያዘው 12 ያረጀ ቁጥር ስለሆነ ኤስኪውላይት አይፈቅድለትም። የቱንም ያህል ቢጠብቅ ያ ቁጥር መልሶ ትክክል ስለማይሆን አያስጠብቀውም፤ እዚያው ይመልሰዋል። እዚህ ላይ ታይምአውቱን ወደ 60000 ማሳደግ ምንም አይፈይድም። አንብቦ የሚጽፍ ትራንዛክሽን ሁሉ ከመነሻው «ቢጊን ኢሚዲየት» ብሎ ይጀምር፤ ወረፋውን የሚይዘው ከማንበቡ በፊት ይሆናል።

አንዳንዴም ጥፋቱ ቀላል ነው፦ አንድ ሰው ፋይሉን በዲቢ ብራውዘር (የኤስኪውላይት ፋይል ማያና ማረሚያ ፕሮግራም) ከፍቶ፣ አንድ ረድፍ አርሞ፣ ሳያስቀምጥ ለምሳ ወጥቷል። እስኪያስቀምጥ ወይም እስኪተወው ድረስ መጻፊያው ተይዞ ይቆያል።

ፋይሉን በኔትወርክ ሼር አድርጎ ሁለት ኮምፒውተር ላይ መክፈትስ? አይሆንም። ዋል የሚሠራው ሁሉም በአንድ ማሽን ላይ ሲሆኑ ብቻ ነው፤ ያለ ዋል ቢሆንም የኔትወርክ ፎልደር ቁልፍ ስለማይታመን ሁለቱም በአንዴ ጽፈው ፋይሉን ሊያበላሹት ይችላሉ። አንዱ ኮምፒውተር ፋይሉን ይያዝ፤ ሌላው በእሱ ላይ በሚሠራ ትንሽ ፕሮግራም በኩል ይጠይቅ። ያ ካልተመቸ ፖስትግሬስ ወደሚባለው ባለ ሰርቨር ዳታቤዝ ማለፊያው ጊዜ ደርሷል።

መብራት ሲሄድ

ኤስኪውላይት መብራት በመሄዱ ብቻ አይበላሽም። ዋናውን ፋይል ከመንካቱ በፊት የድሮውን ገጽ ስሙ በ«-ጆርናል» የሚያልቅ ፋይል ውስጥ ያስቀምጣል፤ መብራት ሲመለስ መጀመሪያ የከፈተው ፕሮግራም ይህን አይቶ በጅምር የቀረውን ሥራ ይመልሰዋል። በዋል ከሆነ ደግሞ አዲሱ ጽሑፍ መጀመሪያ የሚገባው በ«-ዋል» የሚያልቀው ፋይል ውስጥ ነው።

ጉዳቱን የሚያመጣው ያን ጊዜያዊ ፋይል ቆሻሻ መስሎት የሚሰርዝ ሰው ነው። «-ጆርናል» ከተሰረዘ ግማሹ የተጻፈ ዳታ እንደዚያው ይቀራል። «-ዋል» ከተሰረዘ ወደ ዋናው ፋይል ገና ያልተዛወሩ ሽያጮች ይጠፋሉ። ዋናውን ብቻ ወደ ፍላሽ መገልበጥም ያው ነው። አትንኩ፣ አትለያዩ።

ፍጥነት ለማግኘት «ፕራግማ ሲንክሮነስ = ኦፍ» የሚል ምክር ካያችሁ እለፉት፤ መብራት በሚቆራረጥበት ቦታ ፋይሉን የሚያበላሸው እሱ ነው። «ኖርማል» ከዋል ጋር ፋይሉን አያበላሽም፣ ግን የመጨረሻዎቹ ጥቂት ምዝገባዎች ሊጠፉ ይችላሉ። ገንዘብ ለሚመዘግብ ሥራ «ፉል» ይሁን።

ባክአፕ ሳይቃጠል በቅጠል ነው። ፕሮግራሙ እየሠራ ሳለ ፋይሉን በማውስ አትገልብጡ። «ቫኩም ኢንቱ» ብላችሁ የአዲሱን ፋይል ስም ስጡት፤ ከ3.27 (2019 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ አለ፣ በዚያ ስም ሌላ ፋይል መኖር የለበትም። ከዚያ ቅጂውን ከፍታችሁ «ፕራግማ ኢንተግሪቲ_ቼክ;» በሉ። መልሱ «ኦኬ» የምትል አንድ ቃል ካልሆነች ያ ባክአፕ አይቆጠርም።

ቁጥር 11 «ማልፎርምድ» (ፋይሉ ተበላሽቷል) ከመጣ ፕሮግራሙን ዝጉ፣ ዋናውንና ጎኑ ያሉትን ፋይሎች በሙሉ አንድ ላይ ወደ ሌላ ፎልደር ቅዱ፣ በቅጂው ላይ ብቻ ሥሩ። «.ሪከቨር» የተረፈውን በትዕዛዝ መልክ ይተፋዋል፤ ያን ወደ አዲስ ፋይል አስገቡ።

09 ወዴት ሄደች?

የደንበኛው ስልክ በ09 ጀምሮ ገብቶ በ9 ጀምሮ ይወጣል። ዓምዱ «ስትሪንግ» ተብሎ ስለተሠራ ነው። ኤስኪውላይት የዓምድ ዓይነትን የሚለየው በስሙ ውስጥ ባሉ ፊደላት ነው፦ «ኢንት» ካለበት ሙሉ ቁጥር፣ «ቻር» ወይም «ቴክስት» ካለበት ጽሑፍ። «ስትሪንግ» ከሁሉም ስለማይገጥም ቁጥር የሚመስለውን ወደ ቁጥር የሚቀይር ዓምድ ይሆናል፤ የፊቷ ዜሮም፣ የ«+251» መደመሪያም ይበላሉ። ስልክ፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና የመታወቂያ ቁጥር ሁልጊዜ «ቴክስት» ይሁኑ።

የጠፋውን ለመመለስ በ«ቴክስት» አዲስ ሠንጠረዥ ሥሩና ባለ 9 አኃዞቹን «ፕሪንትኤፍ('%010ዲ', ስልክ)» እያላችሁ ቅዱ፤ 10 አኃዝ እስኪሞላ በዜሮ ይሞላዋል። በ251 የሚጀምሩትን 12 አኃዞች ለብቻ ለዩ። ከ3.37 (2021 እ.ኤ.አ.) ወዲህ ሠንጠረዡ ሲሠራ መጨረሻው ላይ «ስትሪክት» ብትጨምሩ እንዲህ ያለውን የዓይነት ስም ከመጀመሪያው አይቀበልም። ብርን ደግሞ በሳንቲም፣ በሙሉ ቁጥር አስቀምጡ።

ጳጉሜን ላይ የሚጠፋ ሽያጭ

ኤስኪውላይት የቀን ዓይነት የለውም፤ ያሉት የቀን ተግባራት ናቸው፣ እነሱም የሚያውቁት የጎርጎርዮስን አቆጣጠር ብቻ ነው። የእኛን ቀን «2016-13-05» ብላችሁ ብታስገቡ እንደ ጽሑፍ ይቀበለዋል፤ «ዴት» ሲባል ግን 13ኛ ወር ስለማያውቅ ባዶ፣ «ነል» ይመልሳል። በቀን የሚደምረው ሪፖርት ጳጉሜንን ያለ ድምፅ ይዘላታል። ከዚህ የከፋው ስሕተት የሚመስል ነገር የሌለው ነው፦ ጥቅምት 30 ቀን 2016ን «2016-02-30» ብላችሁ አንድ ቀን ጨምር ብትሉት፣ የፌብሩዋሪ መስሎት «2016-03-02» ይላል። ኅዳር 1 መሆን የነበረበት ኅዳር 2 ሆነ። የብድር መክፈያ ቀን የሚያሰላ ፕሮግራም በዚህ ሰው ያስቀጣል።

ስለዚህ የሚቀመጠው ጎርጎርዮሳዊው ቀን ይሁን፤ የእኛው በማስገቢያና በማሳያ ላይ ይቀየር። ዓመቱን ዓ፣ ወሩን ወ፣ ቀኑን ቀ ብንል፦

«ዴት(1723825 + 365*ዓ + ዓ/4 + 30*ወ + ቀ)»

ሦስቱም ሙሉ ቁጥር መሆን አለባቸው፤ «ዓ/4» ትርፉን መጣል ስላለበት። በመስከረም 1 ቀን 2016 ፈትኑት፦ ድምሩ 2460200፣ መልሱ «2023-09-12» ነው።

ለመመለስ መጀመሪያ «ጁሊያንደይ» ከሰጣችሁ ቁጥር ላይ 0.5 ጨምራችሁ ወደ ሙሉ ቁጥር ቀይሩና 1723856 ቀንሱ፤ ውጤቱን ለ በሉት። ለ ለ1461 ሲካፈል ድርሻው ሸ፣ ትርፉ ተ ይሁን። ዓመቱ 4*ሸ + ተ/365 − ተ/1460 ነው። የዓመቱ ቀን ተ ለ365 ተካፍሎ የሚተርፈው ሲሆን 365*(ተ/1460) ይደመርበታል። እሱን ለ30 አካፍላችሁ 1 ስትጨምሩ ወሩ፣ ትርፉ ላይ 1 ስትጨምሩ ቀኑ ይወጣል። ማካፈሉ ሁሉ ትርፍ የሚጥል ነው። ጳጉሜን 6 ቀን 2015ን በዚህ አሳልፉት፤ 6ኛዋን ቀን በትክክል ካወጣ ፕሮግራማችሁ ደህና ነው።

ሰዓቱም እንዲሁ። «ዴትታይም('ናው')» የሚሰጠው ከእኛ 3 ሰዓት ወደ ኋላ ያለውን ነው። ተረኛ ፋርማሲ ከሌሊቱ 7 ሰዓት የሸጠው መድኃኒት በትናንቱ ቀን፣ በ22:00 ተመዝግቦ ይገኛል። አቀማመጡን አትለውጡ፤ ሪፖርት ስታወጡ ብቻ «+3 አወርስ» ጨምሩ።

ጎጃም እና ጐጃም

«ጎጃም» ብሎ የሚፈልግ ሰው «ጐጃም» ተብሎ የተጻፈውን አያገኝም። ለዓይናችን አንድ ቃል ነው፤ ለኤስኪውላይት ግን ጎ እና ጐ ፈጽሞ የተለያዩ ፊደላት ናቸው። አባይና ዓባይ፣ ኃይሉና ሐይሉ፣ ፀሐይና ጸሀይም እንዲሁ። «ላይክ» የሚባለው የፍለጋ ትዕዛዝም አይረዳችሁም።

ዋናውን ስም አታርሙት፤ ሰው ስሙን መታወቂያው ላይ እንዳለ የማየት መብት አለው። ከጎኑ «መፈለጊያ» የሚባል ሁለተኛ ዓምድ ጨምሩና ስሙን እዚያ አለዝባችሁ አስገቡ፦ የ«ሐ» እና የ«ኀ» ዘሮች ወደ ሀ፣ ሠ ወደ ሰ፣ ዐ ወደ አ፣ ፀ ወደ ጸ፣ ሰባቱም በየቤታቸው። ከዚያ ሃ ወደ ሀ፣ ኣ ወደ አ፣ ጐ ወደ ጎ፣ ቈ ወደ ቆ፣ ኰ ወደ ኮ። ፓይተን ላይ አንድ የ«ትራንስሌት» ሰንጠረዥ ይበቃል። ብዙ ጊዜ የሚረሳው የሚፈለገው ቃልም በዚያው ማለዘቢያ ማለፍ እንዳለበት ነው። ኢንዴክሱን (ፍለጋ የሚያፋጥነውን ማውጫ) በዚህ ዓምድ ላይ ሥሩ። ቅደም ተከተሉ ግን አያስቸግርም፤ ፊደላችን በዩኒኮድ የተቀመጠው ሀ ለ ሐ መ ብሎ ስለሆነ «ኦርደር ባይ» እንደ ለመድነው ይደረድራል።

ሦስት አጫጭር

20,000 ረድፍ ለማስገባት ደቂቃዎች ከፈጀ፣ እያንዳንዱ ረድፍ ለብቻው ትራንዛክሽን ሆኖ ዲስኩን እየጠበቀ ነው። በሚሽከረከር ዲስክ በሴኮንድ 50 ቢሆን እንኳ ወደ 7 ደቂቃ ነው። መጀመሪያ «ቢጊን»፣ መጨረሻ «ኮሚት» ብትሉ በሴኮንዶች ያልቃል።

ብዙ ሰርዛችሁ ፋይሉ ካልቀነሰ «ቫኩም;» በሉ፤ ዲስኩ ላይ የፋይሉን እጥፍ ያህል ነጻ ቦታ ይኑር።

ደንበኛው ተሰርዞ ዱቤው ከቀረ፣ «ፎሪን ኪ» (አንዱን ሠንጠረዥ ከሌላው የሚያያይዘው ቁልፍ) ጠፍቶ ነው፤ ሲጀመርም የጠፋ ነው። «ፕራግማ ፎሪን_ኪስ = ኦን;» በየኮኔክሽኑ፣ ትራንዛክሽን ከመጀመሩ በፊት ይባል፤ ትራንዛክሽን ውስጥ ከተባለ ኤረር ሳይሰጥ ችላ ይለዋል። እስካሁን ባለቤት አልባ ሆነው የቀሩትን «ፕራግማ ፎሪን_ኪ_ቼክ;» ከነሠንጠረዣቸውና ከነረድፍ ቁጥራቸው ይዘረዝርላችኋል።