የሳን ፍራንሲስኮን የባሕር ዳርቻ በአንድ ፀሐያማ ቀን

ከጀልባ ጣቢያው ሕንፃ፣ ከፌሪ ቢልዲንግ፣ እስከ አኳቲክ ፓርክ ያለው መንገድ ከ4 ኪሎ ሜትር አይበልጥም፤ ሜዳም ስለሆነ ከአገር ቤት የመጡ እናትና አባትም ቀስ እያሉ ይጨርሱታል። ቀኑን የሚያበላሹት ነፋሱና ሰልፉ ናቸው። ሁለቱም የሚብሱት ከቀትር በኋላ ስለሆነ በአሜሪካ ሰዓት ጠዋት 9 ላይ መነሻው ቦታ ድረሱ።

በተለይ ከጁን እስከ ኦገስት ፀሐይዋ አታታላችሁ። ከሰዓት በኋላ የካሊፎርኒያ መሐል ሸለቆ ሲግል አየሩ ወደ ላይ ይወጣል፤ በእሱ ቦታ ቀዝቃዛው የውቅያኖስ አየር በጎልደን ጌት ሰርጥ በኩል ይገባል። ስለዚህ ነፋስ የማያስገባ ጃኬት ያዙ። ቅዝቃዜው የፀሐዩን ማቃጠል ስለሚደብቅ ፊትን ቅባት መቀባትም አይረሳ። ለብ ያለ ቀን የምትፈልጉ ከሆነ ሴፕቴምበርንና ኦክቶበርን ምረጡ።

መኪና ይዞ መምጣት አይመከርም። ማቆሚያው ውድ ነው፤ መስኮት ሰብሮ መስረቅም የተለመደ ስለሆነ ባዶ ቦርሳ እንኳ ወንበር ላይ መተው የለበትም። ከኦክላንድ የሚመጣ ሰው ባርት በሚባለው ባቡር ተሳፍሮ ከባሕሩ በታች ካለው ዋሻ እንደወጣ በመጀመሪያው ጣቢያ፣ በኤምባርካዴሮ፣ ይውረድ። ከጃክ ለንደን ስኩዌር የሚነሳው ጀልባ ግን ይበልጣል፦ በቤይ ብሪጅ ሥር አልፎ በቀጥታ ፌሪ ቢልዲንግ ያደርሳል፤ ጉዞው ራሱ ሽርሽር ነው። ክሊፐር የሚባለው የጉዞ መክፈያ ካርድ ለባርቱም፣ ለጀልባውም፣ ለትራሙም ያገለግላል።

ፌሪ ቢልዲንግ በ1898 የተሠራ ነው። ቅዳሜ ጠዋት ዙሪያው የገበሬዎች ገበያ ይሆናል፤ ፍራፍሬና ውኃ እዚሁ ያዙ። ከዚያ ባሕሩን በቀኝ አድርጋችሁ ተጓዙ። የመርከብ ማቆሚያዎቹ፣ ማለትም ፒሮቹ፣ ከሕንፃው በስተሰሜን ጎዶሎ ቁጥር፣ በስተደቡብ ሙሉ ቁጥር አላቸው፤ ፒር 14 ካያችሁ ተሳስታችኋል ማለት ነው። ፒር 7 ላይ ወደ ውኃው እስከ ጫፉ ግቡ። ጠዋት ፀሐይ የምትወጣው በኦክላንድ በኩል ስለሆነ ጀርባችሁን ለባሕሩ ሰጥታችሁ ከተማዋን ፎቶ አንሱ። ቤይ ብሪጅን በዚህ ሰዓት ካነሳችሁት ጥቁር ጥላ ሆኖ ይወጣል።

ብዙ ሰው የሚሳሳተው በአልካትራዝ ጉዳይ ነው። ከ1934 እስከ 1963 የፌዴራል እስር ቤት በነበረችው ደሴት ላይ የሚያወርደው ከፒር 33 የሚነሳው ጀልባ ብቻ ነው። ሌሎቹ ዙሪያዋን አዙረው ይመልሳሉ፤ ቲኬት ስትገዙ «ያወርዳል ወይ?» ብላችሁ ጠይቁ። ከጁን እስከ ኦገስት ባሉት ወራት ቲኬቱ ቀድሞ ስለሚያልቅ ከሳምንታት በፊት በኢንተርኔት ቁረጡ። ከነጉዞው ወደ 3 ሰዓት ይወስዳል። ከደሴቷ ወደብ እስከ እስር ቤቱ ያለው ዳገት 40 ሜትር ያህል ስለሚያስወጣ ጉልበት ለሚያመው ሰው ዳገቱን የሚያወጣ የማመላለሻ አገልግሎት እንዳለ አስቀድማችሁ አጣሩ።

ፒር 39 የግርግር ቦታ ነው፤ ሱቆቹን እለፉና በስተምዕራብ ወዳለው ጠርዝ ሂዱ። ከ1990 መጀመሪያ ጀምሮ የባሕር አንበሶች የጀልባ ማሰሪያ መድረኮቹን ወርሰው ተኝተዋል። አንዱ ከውኃ ዘሎ ሲወጣ መድረኩ ያጋድላል፤ የተኙት ይነቁና በጩኸት ይገፋፋሉ። ማየቱ በነጻ ነው። ጁንና ጁላይ ላይ አብዛኞቹ ለመራባት ወደ ደቡብ ስለሚሄዱ መድረኩ ባዶ ሊሆን ይችላል።

ፊሸርማንስ ዋርፍ ላይ ሁሉም የሚበላው በዳቦ ውስጥ የሚቀርበውን ክላም ቻውደር የሚባል ሾርባ ነው። ዳቦው እንደ እንጀራ በእርሾ የኮመጠጠ ስለሆነ ይጥማል። ሾርባው ግን ከዛጎል ሥጋና ከክሬም የሚሠራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የአሳማ ሥጋም ይገባበታል። ጾመኛም ሆነ አሳማ የማይበላ ሰው ሳይጠይቅ አይዘዝ፤ ዳቦውን ለብቻው መግዛት ይቻላል። ምግብ ይዛችሁ ውጭ ከተቀመጣችሁ በእጃችሁ ጋርዱት፤ የባሕር ወፎቹ ከእጅ ይነጥቃሉ።

አኳቲክ ፓርክ ደርሳችሁ ሲደክማችሁ ኤፍ የሚባለውን አሮጌ ትራም ያዙ። መሐል መንገድ ላይ ሞልቶ ስለሚያልፋችሁ ወደ መነሻው፣ ጆንስና ቢች ጎዳናዎች ወደሚገናኙበት፣ ተመልሳችሁ ተሳፈሩ። በገመድ የሚጎተተውን ኬብል ካር የሚመኝ ደግሞ ሃይድ ጎዳና ላይ ባለው ረጅም ሰልፍ አይቁም፤ ከኤምባርካዴሮ ጣቢያ አጠገብ የሚነሳው የካሊፎርኒያ ጎዳና መስመር ሰልፉ ብዙ ጊዜ አጭር ነው።